የስቱዲዮ ፍላሽ ያለ ሶኬት፦ ለጣና ዳር ቀረጻ የሚሆን ባትሪ በራስ እጅ መሥራት

ባሕር ዳር ላይ ሠርግ የሚያነሣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሙሽሮቹ የሚፈልጉት ጣናን ነው። ስቱዲዮ ያለው ትልቁ ፍላሽ ግን ሶኬት ይፈልጋል። ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ትልና ውሃው ያበራል፣ ሰማዩ ያምራል፣ ሙሽሮቹ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ሲቆሙ ደግሞ ፊታቸው ይጨልማል። ካሜራ ላይ የምትሰካው ትንሿ ፍላሽ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልሰው የጨርቅ ሳጥን) ውስጥ ከገባች አቅሟ አይበቃም። ያን ሰማይ ሳያጠፉ ፊትን ለማውጣት ጠንከር ያለ መብራት ያስፈልጋል።

ጀነሬተር መከራየት አንድ መንገድ ነው። ግን ይጮኻል፣ ቪዲዮ የሚቀርጸውን ልጅ ድምፅ ያበላሽበታል፣ ቤንዚን ፍለጋውም ሌላ ጣጣ ነው። ትንንሾቹ ጀነሬተሮች ደግሞ ፍላሹ በሞላ ቁጥር ቮልቴጃቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ባትሪ ውስጡ ያለው ዘመናዊ ፍላሽ መግዛት የምትችሉ ግዙ፣ ጥሩ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ በኮረንቲ የሚሠራ ደህና ፍላሽ እጁ ላይ ላለውና እሱኑ ይዞ ወደ ሐይቁ መውረድ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ፍላሽ ብዙ አይበላም

ብዙ ሰው ሲጀምር የሚጠይቀው "ስንት አምፒር ሰዓት ባትሪ ልግዛ?" ብሎ ነው። ቆይ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ።

ፍላሻችሁ 300 ዋት ሰከንድ ነው እንበል። በሙሉ ኃይል አንድ ጊዜ ሲተኮስ 300 ጁል ይለቃል። ፍላሹም፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው ኢንቨርተሩም በየበኩላቸው የሚያባክኑት ስላለ ከባትሪው የሚወጣውን ወደ 500 ጁል ብላችሁ ያዙት። አንድ ዋት ሰዓት 3,600 ጁል ነው። ስለዚህ አንድ ተኩስ 0.14 ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል ማለት ነው። 1,000 ጊዜ በሙሉ ኃይል ብትተኩሱ እንኳ 140 ዋት ሰዓት ቢሆን ነው።

አሁን ሞዴሊንግ ላምፑን፣ ፍላሹ ላይ ሳያቋርጥ የሚበራውን አምፖል፣ እዩት። ባለ 150 ዋቱ ሃሎጅን አምፖል ለ4 ሰዓት ከበራ ብቻውን 600 ዋት ሰዓት ይጨርሳል፣ ያውም የኢንቨርተሩ ብክነት ሳይቆጠር። ከ4,000 ተኩስ በላይ የሚሆን ኃይል ፊት ላይ ጥላ ለማየት ብቻ ተቃጠለ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሞዴሊንግ ላምፑን አጥፉት። በማጥፊያው የማይጠፋ ዓይነት ከሆነ አምፖሉን ንቀሉት። ኢንቨርተሩም ምንም ሳይጫንበት ተከፍቶ ብቻ ሲቀመጥ 10 ዋት አካባቢ ይበላል፤ ሙሽሮቹ ልብስ ሲቀይሩ ዝጉት።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ፍላሹ እንደተተኮሰ ካፓሲተሩ (የተኩሱን ጉልበት የሚያጠራቅመው ክፍል) ባዶ ይሆናል፤ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ መልሶ ለመሙላት በአንድ ጊዜ ብዙ ጉልበት ይስባል። 600 ዋት በ220 ቮልት በኩል 3 አምፒር አይሞላም። ያው 600 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሳብ ግን ከብክነቱ ጋር 60 አምፒር ይደርሳል። 60 አምፒር ቀልድ አይደለም። ቀጭን ሽቦ ያግላል፣ የላላ መጋጠሚያ ያቀልጣል፣ ቮልቴጁን ለአፍታ ያወርደዋል፣ ኢንቨርተሩም ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ "ባትሪ አለቀ" ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ሰው ባትሪውን ይረግማል፤ ሌላ ትልቅ ባትሪ ይገዛል፤ በዚያው ቀጭን ሽቦ ያገናኘዋል፤ ያው ጩኸት ይመጣል። ገንዘባችሁ መሄድ ያለበት ወደ ኬብሉ፣ ወደ ኢንቨርተሩና ወደ መጋጠሚያዎቹ ነው።

የትኛው ባትሪ

የመኪና ባትሪ ይቅርባችሁ። የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ደጋግሞ ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል፣ ቢጋደም ደግሞ አሲዱ ይፈሳል፣ አጠገቡ ነጭ ቬሎ አለ። ለሶላር የሚሸጠው የታሸገ ጄል ባትሪ ይሻላል፣ በየቦታው ይገኛል፣ ዋጋውም አይከብድም። ግን 50 አምፒር ሰዓቱ ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል፣ ዕድሜውን ከወደዳችሁለት ደግሞ ከግማሽ በታች አታወርዱትም። አቅም ካነሰ በእሱ ጀምሩ፤ ከዚህ በታች ስለ ኬብልና ፊውዝ የምለው ሁሉ ለእሱም ይሠራል።

እኔ የምመክረው ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ በአጭሩ ላይፍፖ ፎር የሚባለውን ነው። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ነው፤ አራቱ በተከታታይ ሲያያዙ 12.8 ቮልት ይሰጣሉ። ከሌሎቹ ሊቲየሞች ይልቅ እሳት የማንሣት ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተለቀሙ ሴሎችን ሰብስቦ ለዚህ ሥራ ማዋል ግን በጭራሽ። ታሪካቸው አይታወቅም፣ አቅማቸው እኩል አይደለም፣ 60 አምፒር ሲጠየቁ ምን እንደሚሆኑ ማንም አያውቅም። ሰው አጠገብ የሚቀመጥ ነገር ነው የምትሠሩት።

መጠኑ? ለአንድ ባለ 300 ዋት ሰከንድ ፍላሽ ባለ 50 አምፒር ሰዓት አራት ሴል በቂ ነው፤ 640 ዋት ሰዓት ይሆናል። ከሒሳቡ እንዳያችሁት ለተኩሱ ብቻ ቢሆን 20 አምፒር ሰዓትም በዛ። 50 ያልኩት ለድንገተኛው ጉልበት ነው። ከ20 አምፒር ሰዓት ሴል 60 አምፒር መሳብ የአቅሙን ሦስት እጥፍ መጠየቅ ነው፤ ከ50ው ሲሳብ ግን ትንሽ ብቻ ያልፈዋል፣ ያውም ለሰከንድ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ በመኪና ይምጣ። መንገደኛ ይዞት አውሮፕላን ላይ የሚገባ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በአየር መንገድ ፈቃድ እንኳ ከ160 ዋት ሰዓት አይበልጥም። ይሄኛው 640 ነው፣ በር ላይ ያስቀሩባችኋል።

ሌላው ዕቃ

ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ ማለትም ሞገዱ እንደ ቤት ኮረንቲ ለስላሳ የሆነ፣ መሆን አለበት። ሞዲፋይድ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ሞገዱ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ስለሆነ ፍላሽ ውስጥ ያለውን የኃይል ክፍል ያግላል፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። ሻጭ ሁሉ "ፒዩር ነው" ይላል። ስትገዙ ተራ የጠረጴዛ ፋን ሰክታችሁ ስሙት፤ ሞዲፋይድ ከሆነ ፋኑ ቤት ከሚሠራበት በተለየ ይንዘረዘራል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። 1,200 ዋት የሚለው ለአፍታ የሚችለው ሊሆን ይችላል፣ ያለማቋረጥ የሚችለው በትንሹ የተጻፈው 600 ነው። ለእኛ ያለማቋረጥ 600 የሚችለው ይበቃል። ውጪው 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ባለ 110ም ገበያ ላይ አለ።

"ትልቅ ቢሆን አይሻልም ወይ?" የሚል አይጠፋም። አንዳንድ ፍላሽ የሰጡትን ያህል ይስባል። ባለ 1,000 ዋት ካስገባችሁ ከባትሪው ወደ 100 አምፒር ሊጠየቅ ይችላል፣ ያኔ ኬብሉም ፊውዙም ሴሉም አብረው ማደግ አለባቸው። አንዱን ብቻ አታሳድጉ።

ከዚህ ሌላ፦ ባለ 4 ሴል ቢ ኤም ኤስ (ሴሎቹ ከልክ በላይ እንዳይሞሉና እንዳይራገፉ የሚጠብቀው ሰሌዳ)፣ 100 አምፒር የሚችል። ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር ለስላሳ የመዳብ ኬብል፣ የባትሪ ኬብል ብላችሁ የመኪና ዕቃ መሸጫ ጠይቁ። ባለ 80 አምፒር የመኪና ትልቁ ፊውዝ ከነመያዣው። ለከባድ መኪና የሚገጠመው የባትሪ ማጥፊያ። 14.6 ቮልት የሚያወጣ የላይፍፖ ፎር ቻርጀር፣ 10 አምፒር ቢሆን ከባዶ በ5 እና 6 ሰዓት መካከል ይሞላል። ጠንካራ የፕላስቲክ የዕቃ ሳጥን። ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ ያው ቤት አለ።

የቤት ብሬከር በፊውዙ ፈንታ አታስገቡ። ለ220 ቮልት ኤሲ የተሠራ ነው፣ የባትሪ ኮረንቲን በደንብ አይቆርጥም።

ሥራው

ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብል አውልቁ። የቁልፉንና የካቻቢቴውን ብረት ከጫፉ በቀር በናስትሮ ጠቅልሉ። 12 ቮልት ሰውን አይነዝርም፣ ግን እነዚህ ሴሎች በብረት ከተገናኙ በመቶ የሚቆጠር አምፒር በቅጽበት ይለቃሉ፣ ቀለበት ጣት ላይ ይቀላል።

አራቱ ሴሎች በተከታታይ ከመታሰራቸው በፊት እኩል መሞላት አለባቸው። በቴስተር ተመሳሳይ ቮልት ማሳየታቸው አይበቃም። የላይፍፖ ፎር ቮልቴጅ መሃል ላይ ለጥ ያለ ስለሆነ 40 በመቶ የሞላውም 70 በመቶ የሞላውም ሊቀራረቡ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አራቱንም ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አያይዟቸው። ከዚያ ቮልቴጁ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ፈልጉ፤ ሞባይል ጠጋኞች ዘንድ አለ። ከማገናኘታችሁ በፊት 3.65 ቮልት ላይ አድርጉት፣ ከዚያ አገናኙት። የሚገባው አምፒር ወደ 1 ወይም 2 ሲወርድ ሞልቷል። በ5 አምፒር ፓወር ሰፕላይ አንድ ቀን ሙሉ፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቤት ውስጥ ትታችሁት አትውጡ፣ አብራችሁት ሁኑ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ቢ ኤም ኤሱ ገና ባትሪው ሳያልቅ ይቆርጥበታል፤ አንዱ ደካማ ሴል ቀድሞ ስለሚያልቅ ነው።

ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ ቢ ኤም ኤስ ውስጡ ያለው የተዘጋጀ ባለ 12 ቮልት ላይፍፖ ፎር ግዙና በቀጥታ ወደ ፊውዙ እለፉ። ምንም ነውር የለውም።

ሲሞሉ ለያዩዋቸውና በተከታታይ እሰሩ፦ የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጌቲቭ። በሴሎቹ መካከል ወፍራም ፕላስቲክ አስገቡ፣ ቆዳቸው እርስ በርስ እንዳይነካካ። ዳዶውን በሮንዴላ አጥብቁት፣ ግን የሴሉ ጥርስ አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት አታዙሩት፣ ይላጣል። ከታሰረ በኋላ እጃችሁን ጫን አድርጋችሁ ነቅንቁት። ምንም መላወስ የለበትም።

ቢ ኤም ኤሱ ላይ ቢ ኔጌቲቭ የሚለው ወፍራም ሽቦ ወደ ባትሪው ዋና ኔጌቲቭ ይሄዳል። ፒ ኔጌቲቭ የሚለው ወደ ውጪ፣ ወደ ኢንቨርተሩና ወደ ቻርጀሩ። ከዚያ ቀጫጭኖቹ አምስት ሽቦዎች አሉ፤ ጥቁሩ ዋናው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀጣዩ የመጀመሪያው ሴል ፖዘቲቭ ላይ፣ እያለ በቅደም ተከተል እስከ አራተኛው። ሶኬታቸውን ቢ ኤም ኤሱ ላይ ሳትሰኩ በፊት በቴስተር ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሁለት ፒኖች ለኩ። እያንዳንዱ ልኬት 3.3 እና 3.6 መካከል መሆን አለበት። አንዱ ዜሮ ወይም 6 ካሳየ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል፤ እንዲሁ ብትሰኩት ቢ ኤም ኤሱ ይቃጠላል።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይሁን። ከፊውዙ በኋላ ማጥፊያው፣ ከማጥፊያው በኋላ ኢንቨርተሩ። ኬብሉ አጭር ይሁን፤ ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም እያንዳንዳቸው ከግማሽ ሜትር ባይበልጡ ደስ ይለኛል። ርቀት ካስፈለገ በ220 ቮልቱ በኩል አርዝሙ፣ እዚያ አምፒሩ ትንሽ ነው። የኬብሉ ጫፍ ላይ የመዳብ ቀለበቱ በመጭመቂያ መሳሪያ ይጨመቅ። በፒንሳ ቆንጥጦ ወይም ሽቦውን ዳዶ ላይ ጠምጥሞ ማሰር አይሆንም። መጭመቂያ ከሌላችሁ የመኪና ኤሌትሪሻን ጋ ውሰዱት፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የዚህ ጠቅላላ ሥራ ጥራት የሚታወቀው እዚህ መጋጠሚያ ላይ ስለሆነ እባካችሁ አትቸኩሉበት።

ኢንቨርተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታገናኙ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ባዶ ስለሆኑ ይፈነጥቃል፣ ቢ ኤም ኤሱም ሾርት መስሎት ሊቆርጥ ይችላል። ባለ 12 ቮልት የመኪና አምፖል በማጥፊያው ሁለት ጫፎች መካከል ለጥቂት ሰከንድ ያዙ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ሲደበዝዝ ካፓሲተሩ ሞልቷል፣ ያኔ ማጥፊያውን ክፈቱ።

ኢንቨርተሩ አየር ይፈልጋል። የሳጥኑ ጎንና ጎን ላይ ቀዳዳ አውጡለት። ክዳኑ ላይ አይሁን፣ ካፊያ ይገባል።

ቤት ውስጥ ሞክሩት

ሐይቁ ዳር ከመውረዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ በግማሽ ኃይል ጀምራችሁ ወደ ሙሉ ውጡ። በተከታታይ ደጋግማችሁ ተኩሱና ኬብሉን፣ ፊውዙንና እያንዳንዱን መጋጠሚያ ማጥፊያውን ዘግታችሁ በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ያለ ይሁን፣ የሚያቃጥል ካለ መጋጠሚያው እንደገና ይሠራ። ኢንቨርተሩ ከጮኸ ወይም ከጠፋ ፍላሻችሁ ላይ ቀስ ብሎ የመሙላት ምርጫ እንዳለ እዩ፤ ብዙዎቹ አላቸው። ስትሠሩም በሁለት ተኩስ መካከል 3 ወይም 4 ሰከንድ ስጡት። የፍላሹን መመሪያ አንብቡ፣ በኢንቨርተር እንዳይሠራ የሚከለክል ካለ ስሙት። ፍላሹን ግን ለምንም ብላችሁ አትክፈቱት። ካፓሲተሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል፣ ሰው ይገድላል።

የኤልኢዲ መብራት ለምትጠቀሙ ሒሳቡ ሌላ ነው። ባለ 200 ዋት ኤልኢዲ ያለማቋረጥ ይበላል፤ ይህ ባትሪ ከነብክነቱ፣ ጥቂት እያስተረፋችሁ፣ ከ2 ሰዓት ትንሽ በላይ ያቆየዋል። ድንገተኛ ጉልበት ስለማይጠይቅ ግን ለኢንቨርተሩም ለኬብሉም ቀላል ነው።

ሐይቁ ዳር

ከኢንቨርተሩ የሚወጣው 220 ቮልት ቤት ያለው ዓይነት ነው። ከጣና ዳር ያለው ሣር ደግሞ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ መሬት ላይ አይቀመጥ። እኔ የምወደው ዘዴ በጠንካራ ማሰሪያ ስታንዱ ላይ ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል ነው። ከነኢንቨርተሩ ወደ 10 ኪሎ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ንፋስ ሶፍትቦክሱን እንደ ሸራ ሲይዘው ስታንዱን ቆሞ እንዲቆይ የሚያደርገው ይኸው ክብደት ነው። ቀጭን ስታንድ ግን አይችለውም፣ ወፍራሙን ያዙ። ንፋሱ ከበረታ ረዳት ይያዘው።

አንድ ኢንቨርተር፣ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ያልተቀጠለ ሽቦ። ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ሣሩ ላይ አትዘርጉ። ቤት ውስጥ የምታውቁት የመሬት ፍሳሽ ሲኖር የሚቆርጠው ብሬከር እዚህ ላያድናችሁ ይችላል፤ የአብዛኞቹ ትንንሽ ኢንቨርተሮች ውጪ ከመሬት ጋር ስላልተያያዘ ፍሳሹን አያየውም። ሙሽሮቹ ውሃ ውስጥ ገብተው መነሣት ከፈለጉ፣ ብዙዎቹ ይፈልጋሉ፣ ስታንዱ ቢወድቅ እንኳ ውሃው ጋ የማይደርስበት ርቀት ላይ ይሁን። ታንኳ ላይ ተቀምጠው ሲነሡም ፍላሹ ምድር ላይ ይቅር። ማስነሻው በሬዲዮ ትሪገር ነው፣ የሚረግጡት ሽቦ አይኑር። ዝናብ ሲጀምር ዝጉ። "ትንሽ ነው" የለም።

ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሻገሩ ፊውዙን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ያዙት፣ ሳጥኑን በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልሉት። የዘጌ ጫካ ቡናው ሥር ጨለም ያለ ስለሆነ ግማሽ ወይም ሩብ ኃይል ይበቃችኋል፣ ባትሪውም ያርፋል። ገዳማቱ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ያለ ፈቃድ ምንም አታንሡ፣ የግድግዳ ሥዕሎቹ ላይ ደግሞ ፍላሽ አትተኩሱ። ያ ቀለም ከእኛ ፎቶ ይበልጣል።

የቀረውን ለማወቅ ቮልት ሜትር ብቻውን ያታልላችኋል። 13.2 ላይ ረጅም ጊዜ ይቆይና በድንገት ይወድቃል። ምንም ሳይጫንበት 12.8 ካሳየ 20 በመቶ አካባቢ ነው የቀረው፣ ያኔ ማጠቃለል ጀምሩ። ከቻላችሁ የገባውንና የወጣውን አምፒር የሚቆጥር ሜትር ግጠሙለት።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ሙቀት የዚህን ባትሪ ዕድሜ በጣም ያሳጥራል። ከሠርጉ በፊት ያለውን ሌሊት አትጠብቁ፣ ከሁለት ቀን በፊት ቻርጅ አድርጉት፣ መብራት ቢጠፋ ሌላ ቀን አላችሁ። በጾሙ ወራት ሠርግ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ሙሉ አድርጋችሁ አታስቀምጡት። ግማሽ አካባቢ አድርሱት፣ ማጥፊያውን ዝጉ፣ ፊውዙን አውጡ፣ ከፋሲካ በኋላ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱን ዳዶ እንደገና አጥብቁ።